«ብክለትን አትፍሩ፣ ሳንባችሁን እመኑ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ብክለትን አትፍሩ፣ ሳንባችሁን እመኑ» በሚል ርዕስ የወጣ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል፤ ሁለቱ «እፎይ የሚያሰኝ ነው» ብለው ሲልኩልኝ፣ ሦስተኛዋ አስም ያለበት ልጅ እናት በመሆኗ «እውነት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ የእሷ ጥያቄ ነው። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈና አንባቢን ለማረጋጋት የታሰበ መሆኑን አልክድም፤ ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉትም አምናለሁ። ይሁን እንጂ ካነሷቸው ሰባት ነጥቦች አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የሰው ልጅ እሳት ካገኘበት ዘመን ጀምሮ ከጭስ ጋር ስለኖረ ሰውነቱ ለምዶታል፤ አፍንጫና ሳንባም የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። ሁለተኛ፣ የተበከለ አየር በዓይን ይታያል ወይም ይሸታል፤ የማይታይና የማይሸት ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ የማለዳ አየር ንጹሕ ስለሆነ በዚያ ሰዓት መሮጥ ሳንባን ያጠነክራል። አራተኛ፣ ጭምብል ማድረግ ከንቱ ድካም ነው። አምስተኛ፣ በቤት ውስጥ የሚቀመጡ ዕፀዋትና «ሳንባ የሚያጥቡ» ትኩስ መጠጦች የገባውን ብክለት ያስወግዳሉ። ስድስተኛ፣ በርና መስኮት ከተዘጋ ብክለቱ ውጭ ይቀራል፤ ከሰልም ጭስ ስለሌለው በተዘጋ ቤት ውስጥ ቢቀጣጠል ችግር የለውም። ሰባተኛ፣ ጤና የግል ጉዳይ ስለሆነ ብክለትን በሕግ ለመቆጣጠር መሞከር ሥራ ከማስፈታት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ለሁሉም ነጥቦች የምጠቀምበትን መመዘኛ ላሳይ። የአየር ብክለት ጉዳት የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይተነፍሳል፤ ወደ ሰውነቱ የሚገባውን የብክለት መጠን የሚወስኑትም ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የብክለት ክምችት፣ ሰውየው በዚያ አየር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፣ እንዲሁም በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚተነፍሰው የአየር ብዛት። ስለዚህ ማንኛውም ምክር ሲቀርብልን «ከሦስቱ የትኛውን ይቀንሳል፤ በምን ያህልስ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። የጸሐፊው ምክሮች ጭንቀትን ይቀንሱ ይሆናል፤ ከሦስቱ አንዱን የሚቀንስ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስበት። አፍንጫና የአየር ቧንቧ ማጣሪያ አላቸው መባሉ ትክክል ነው። የአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ሻካራውን አቧራ ይይዛሉ፤ ያመለጠውንም በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታ ጋር ወደ ላይ እየገፉ ያወጡታል። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት በደንብ የሚሠራው ለትላልቁ ብናኝ ነው። ባለሙያዎችን ይበልጥ የሚያሳስበው ፒኤም2.5 የሚባለው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከራስ ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንስ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ አፍንጫን አልፎ፣ ቧንቧውን ወርዶ፣ ጠራጊ ፀጉር እስከሌለባቸው እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። በዚያ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ሊውጡት ሲታገሉ የሳንባው ሥጋ ይቆጣል፤ እጅግ የደቀቀው ብናኝ ደግሞ ወደ ደም ይሻገራል። የአየር ብክለት የሳል በሽታ ብቻ ሳይሆን የልብ ሕመምና የስትሮክ መንስኤ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ለምዶታል» የሚለው ቃል ራሱም ሊመረመር ይገባዋል። በትውልዶች ሂደት የሚመጣ መላመድ የሚበረታው ሰው ልጅ ወልዶ ሳያሳድግ በሚገድለው ነገር ላይ ነው። በ55 ዓመቱ በልብ ሕመም የሚሞት ሰው ግን ልጆቹን ወልዶ ያሳደገ፣ ተጋላጭነቱንም ያወረሰ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ጭስ ውስጥ ኖሩ ማለት ጭሱ አልጎዳቸውም ማለት አይደለም፤ ስንቶቹ በሳንባ ምች ልጆቻቸውን እንደቀበሩ ማን ቆጠረላቸው?

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስለሚታየው መላመድ ግን ጸሐፊው የነኩት አንድ እውነት አለ። በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከተሽከርካሪና ከፋብሪካ ጋዞች የሚፈጠረውን ኦዞን ለተከታታይ ቀናት የሚተነፍስ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስለዋል፣ ደረቱንም ያፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ስሜቱ እየለዘበ ይሄዳል። ሳንባው ሲመረመር ግን የሕዋሳቱ ጉዳት እንደቀጠለ ይገኛል። የደነዘዘው የማስጠንቀቂያው ደወል ነው።

ሳንባ ብክለትን የሚለምድ ቢሆን ኖሮ፣ በተበከለ አየር ውስጥ ዘመናቸውን የኖሩ ሰዎች ከሌሎች እኩል ዕድሜ ይኖራቸው ነበር። በ1993 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ የሆነው በስድስት የአሜሪካ ከተሞች የተካሄደ ጥናት ግን ይህን አያሳይም። ተመራማሪዎቹ 8,111 አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው፣ ሲጋራ ማጨስንና ሌሎች ምክንያቶችን ከግምት ካስገቡ በኋላ፣ አየሩ እጅግ በተበከለው ከተማ የሞት መጠን አየሩ ንጹሕ ከሆነው ከተማ በ26 በመቶ በልጦ አግኝተውታል። ከዚህም ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በዩታ ሸለቆ የሆነው ነው። በዚያ የነበረ የብረት ፋብሪካ ከ1986 የብርድ ወራት መግቢያ በፊት ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ፋብሪካው በሚሠራባቸው የብርድ ወራት በመተንፈሻ አካላት ሕመም ሆስፒታል የገቡት ሕፃናት ብዛት፣ ተዘግቶ ከነበረበት የብርድ ወራት ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነበር። ሸለቆው ያው፣ ብርዱም ያው ነው። የለመደ ሳንባ ጭሱ ሲቆም ለምን ይሻለዋል?

ልጆችን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልጨምር። በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ10 እስከ 18 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ክትትል ከተደረገላቸው ልጆች መካከል፣ የሳንባ አቅማቸው ከሚጠበቀው በግልጽ ያነሰው በዝቅተኛው የፒኤም2.5 መጠን 1.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በከፍተኛው መጠን 7.9 በመቶ ነበሩ። በልጅነቱ ያላደገ ሳንባ ደግሞ በጉልምስና የሚካካስበት ዕድል ጠባብ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጭስ ካየን ወይም ከሸተተን ከዚያ መራቅ ይገባናል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የማልስማማው ዓይናችንና አፍንጫችን ዝም ሲሉ አየሩ ንጹሕ ነው በማለታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም2.5 የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በ30 ማይክሮግራም ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል፤ መጠኑ ግን የዓመቱን መመሪያ ስድስት እጥፍ ነው። አፍንጫም ቢሆን አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃዎች ካሸተተ በኋላ መለየት ይተዋል። በሌላ በኩል የጠዋት ጉም ይታያል፤ ንጹሕ ጉም ግን የውሃ ጠብታ ነው። ስለዚህ አካባቢያችን የአየር መለኪያ ካለው ንባቡን ማየት፣ ከሌለም የብክለቱን ምንጭ፣ ማለትም የመኪና መንገዱን፣ የቆሻሻ ማቃጠያውን፣ ምድጃውን መመልከት ከስሜት ይሻላል። ርካሽ መለኪያዎች እርጥበት በበዛ ቀን ቁጥሩን አጋንነው ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ከእነሱ የሚወሰደው ከቀን ወደ ቀን የሚታየው ለውጥ እንጂ እያንዳንዱ ቁጥር መሆን የለበትም።

የሚታይ ብክለትስ ቢሆን ሰውን መቼ ያስጠነቅቃል? በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀናት የሸፈነው የድንጋይ ከሰል ጭስ የቀኑን ብርሃን ያጨለመ ነበር፤ ነዋሪው ግን ጭጋግ የለመደ ስለነበር ብዙም አልደነገጠም። መጀመሪያ በተሰጠው ግምት 4,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ የኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል።

ስለ ማለዳ ሩጫ የተባለው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ኦዞን የፀሐይ ልጅ ስለሆነ ከፍ የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዋናው ችግር ኦዞን በሆነበት ቦታ ማለዳ በእርግጥ የተሻለ ሰዓት ነው። የብናኝ ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ይሄዳል። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት መሬት ስትቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል። የሌሊቱ ጭስ ከዚያ ሥር ይጠራቀማል፤ የንጋቱ ትራፊክም ይጨመርበታል። ጸሐፊው ንጽሕና የመሰላቸው ቅዝቃዜው ይመስለኛል። ፀሐይ መሬትን አሙቃ አየሩ እስኪነሳ አንድ ሁለት ሰዓት መታገሥ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከተቀመጠው ሰው ብዙ እጥፍ አየር የሚያስገባ ከመሆኑም በላይ በአፉ ስለሚተነፍስ፣ ጸሐፊው ያመሰገኑትን የአፍንጫ ማጣሪያ ይዘለዋል። ይህን ስል እንቅስቃሴ ይቅር ማለቴ አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ የስሌት ጥናት የፒኤም2.5 መጠን በሜትር ኩብ 22 ማይክሮግራም በሆነበት ከተማ የብስክሌትና የእግር ጉዞ ጥቅም ከብክለቱ ጉዳት እጅግ እንደሚበልጥ፣ 100 ማይክሮግራም በሆነበት ቦታ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብስክሌት መንዳት ጉዳቱ ወደ ማመዘን እንደሚያልፍ አስልቷል። ቦታም ወሳኝ ነው። በ2018 በወጣ የለንደን ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሃይድ ፓርክ ለሁለት ሰዓት ሲራመዱ ሳንባቸው የተሻለ ሲሠራ፣ የናፍጣ ተሽከርካሪ በሚበዛበት በኦክስፎርድ ጎዳና ያንኑ ያህል ሲራመዱ ጥቅሙ በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። ከትልቅ ጎዳና ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ በሌላ መንገድ መሮጥ ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ጭምብልን በተመለከተ ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ነው፤ በነጠላ ጨርቅ አፋቸውን ሸፍነው የዋሉ የጉልበት ሠራተኞች ማታ አፍንጫቸው ጥቁር ሆኖ አይተዋል። ምልከታቸው ትክክል ነው። ጨርቅ ደቃቁን ብናኝ ብዙም አይዝም፤ የቀዶ ሕክምና ጭምብልም በጉንጭና በአፍንጫ ዳር አየር ያሳልፋል። ከዚህ ተነሥቶ ጭምብል ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን፣ የሚያፈስ ጣሪያ አይቶ ጣሪያ ዝናብ አይከላከልም እንደማለት ነው። ኤን95 የሚባለው ጭምብል ለማጥመድ እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ ያለውን ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶ፣ ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው ደግሞ 94 በመቶ እንዲይዝ ይጠበቅበታል። በቤይጂንግ 98 የልብ ሕመምተኞች በከተማው መንገድ ሲራመዱ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ባደረጉበት ቀን የደም ግፊታቸው ዝቅ ብሎ፣ ሕመማቸውም ቀንሶ ታይቷል፤ ጥናቱ በ2012 ታትሟል።

ነገር ግን ገደቡንም ልናገር። ጭምብሉ ፊት ላይ ካልገጠመ፣ ለምሳሌ ጢም ካለ፣ ማጣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አየሩ በዳር ይገባል። እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያሉትን ጋዞች ፈጽሞ አያስቀርም። ለጨቅላ ሕፃናት የሚሆን ጭምብል የለም፤ የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰውም ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል።

ስለ ዕፀዋትና ስለ ትኩስ መጠጦች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዕፀዋቱ ዝና የመጣው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በ1989 በወጣ ጥናቱ በታሸጉ ትናንሽ ሣጥኖች ውስጥ ካደረገው ሙከራ ነው፤ የተለካውም ጋዝ እንጂ ብናኝ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን በ2019 የመረመሩ ሰዎች፣ ዕፀዋት መስኮት ከሚያስገባው ነፋስ ጋር እንዲወዳደሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 የሚደርሱ ማሰሮዎች እንደሚያስፈልጉ አስልተዋል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለሰው የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። የሚጠጣ ነገር ደግሞ የሚሄደው ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ ስላልሆነ የሚያጥበው ነገር የለም፤ ጉሮሮን ማለስለሱ ግን ደስ ይላል፣ እሱን አልነፍግም።

ሕግ ፋይዳ የለውም የሚለው ሰባተኛ ነጥብ በተግባር የተፈተነ ነው። ደብሊን በ1990 ጭሳማ የድንጋይ ከሰል እንዳይሸጥ ስትከለክል በአየሯ ውስጥ የነበረው ጥቁር ጭስ 70 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቤይጂንግ ከ2013 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የፒኤም2.5 አማካይዋን ከ90 ገደማ ወደ 58 ማይክሮግራም አውርዳለች። ከተማይቱ ሥራ አልፈታችም። ጸሐፊው ደንብ የአንዳንዱን ሰው እንጀራ ይነካል ማለታቸው ሐሰት አይደለም፤ በተለይ አማራጭ ሳይቀርብ የሚመጣ ክልከላ ድሀውን ይጎዳል፤ ይህን ለማስተካከል መከራከር ተገቢ ነው። ጤና የግል ጉዳይ ነው የሚለው ግን አየርን አይመለከትም። ጎዳና ሲጠርግ የሚውል ሰው የሚተነፍሰውን አየር አልመረጠም፤ በእናቱ ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ደግሞ ሩጫውን ወደ ረፋድ ማዛወርም ጭምብል ማድረግም አይችልም።

ስድስተኛውን ነጥብ ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ሆኖ አይደለም። የሰደድ እሳት ጭስ ወይም የአቧራ ማዕበል ሲመጣ በርና መስኮት መዝጋት ጥሩ ምክር ነው፤ 0.3 ማይክሮሜትር የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ የሚይዝ ሄፓ የተባለ ማጣሪያ ያለው መሣሪያ በክፍሉ ውስጥ ሲኖር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ኦዞን እያመነጩ አየር እናጸዳለን የሚሉትን መሣሪያዎች ግን መግዛት አይገባም፤ ሌላ ብክለት ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ምንጩ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን መዝጋት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 2.1 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ወይም በኬሮሲን ነው፤ በቤት ውስጥ ብክለት ምክንያትም በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ቀደም ሲል ባስቀመጥኩት መመዘኛ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክምችቱ በጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቆይታው በየቀኑ ሰዓታት ነው፣ እናትና ልጅም እሳቱ አጠገብ ናቸው። ባለሙያዎች በግምት ሲያሰሉት፣ በቤት ውስጥ የሚለቀቅ አንድ ግራም ብናኝ ውጭ ከሚለቀቀው ይልቅ ወደ ሰው ሳንባ የመግባት ዕድሉ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የሚቻለው ሰው ማብሰያውን ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ጋዝ ቢያዛውር፣ ያልቻለም ደረቅ እንጨት ቢጠቀም፣ ጭስ ማውጫ ቢሠራ፣ ትይዩ የሆኑ በርና መስኮት ቢከፍት፣ ልጆችንም ከምድጃው ቢያርቅ፣ ጽሑፉ ካቀረባቸው ምክሮች ሁሉ የበለጠ ይጠቀማል። ጋዝም ቢሆን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ አየር ማስገባቱ አይቅር።

ከሰል ጭስ የለውም መባሉ ለዓይን እውነት ነው። ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው፤ ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው በዚያው ሊቀር ይችላል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ሳይዘገዩ ወደ ውጭ መውጣትና ሕክምና መፈለግ አለባቸው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ይልቁንም በመኝታ ሰዓት፣ በፍጹም መቀጣጠል የለበትም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ፒኤም2.5 ዓመታት ይፈልግ ይሆናል፤ ለዚህኛው አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጸሐፊው በሌላው ሁሉ ባይስማሙ እንኳ፣ ስለ ከሰል የጻፉትን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በቀሩት ላይ ለመከራከር ጊዜ አለን።